የሁለቱ ጠርሙሶች ዘይት

ሳይለካ መቀሱ ከእጁ አምልጦ መሬት ሲወድቅ፣ ሰው አይቶት እንደሆነ ቀና ብሎ ቃኘ። ማንም አላየውም። እህቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ባሏ ሱሪ ዘርግቶ በካውያ መስመር ያወጣል። ልጃቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። መቀሱን በግራ እጁ አነሳና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይሄ መቀስ ሰሞኑን መሬት መሬት ይለዋል፤ ስፌቱን ትቶ ሊያርስ አስቧል መሰለኝ» አለ።

«ምላስህን አስረህ ጨርቁን ቁረጥ» አለች እህቱ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

ሳይለካ የክርስትና ስሙ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። ልብስ ሲቆርጥ ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ አንዴ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ሜትር አይነካም፤ ልብሱም ልክክ ይላል። ወሬ ሲያወራም ያው ነው፤ አይለካም። ልክክ የማይለው ወሬው ብቻ ነው። እሱ እንደሚለው አንድ ጊዜ ለአንድ ረጅም ሰው ኮት ሲሰፋ ኮሌታውን ለማየት መሰላል ወጥቶ፣ እዚያ ላይ ብርድ መትቶት ጉንፋን ይዞ ወርዷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰፋው ሱሪ ባለቤቱ ሲዘገይበት ትዕግሥቱ አልቆ፣ በራሱ ደረጃውን ወርዶ የሰውየውን በር አንኳኩቷል። «ሱሪ በምን እጁ ያንኳኳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። «በጉልበቱ ነዋ» አለው።

ስለዚህ ያመመው ዕለት ለማን ይንገር? ድሮ አንድ ቀን ፊቱን በጠመኔ አንጥቶ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ነጭ ገበር እስከ አገጩ ለብሶ ሞቻለሁ ብሎ ነበር። እህቱ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ ደንበኛ ገባ፤ ሟቹም ቀና ብሎ «ሱሪው ከታች ይጠር ወይስ እንዳለ ይሁን?» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የሳይለካ ሕመም እንደ ሕመም ተቆጥሮ አያውቅም።

አሁን ግን እውነት ነበር። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ከአጠገቡ ያሉት ሁለቱ ጣቶች መጀመሪያ ጉንዳን የሚርመሰመስባቸው ሆኑ። ቆየት ብለው ደነዘዙ። ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት፤ ያዙ ሲላቸው አይይዙም። ጠረጴዛው ላይ አመድማ ሱፍ ጨርቅ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ሴት ልጁን የሚድር አንድ ደንበኛ ያመጣው ነው፤ ከሙሉ ልብሱ የሚተርፍ የመዳፍ ስፋት እንኳ የለውም። መቀሱ አንዴ ከሳተ አለቀ። ሳይለካ በጠመኔ አስምሮ ትቶታል። «መቼ ነው የምትቆርጠው?» ሲባል «ጨርቁ ከመንገድ የመጣ ነው፤ ትንሽ ይረፍ» ይላል።

በሆዱ ግን ሌላ ይላል። ይቺ እጅ ከሄደች ምን ይቀረኛል? ምላስ። በምላስ ደግሞ ሱፍ አይቆረጥም።

ከስፌት ቤቱ በላይ ራዲዮ ጠጋኝ አለ። የጠገነውን ራዲዮ የሚሞክረው ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ከፍቶ ስለሆነ፣ ታች ያሉት ዜናውንም ኳሱንም ሳይወዱ ይሰማሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጣሪያው ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ የያዕቆብን መልእክት አነበበ። ከእናንተ የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ይጥራ፤ እነሱም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሳይለካ ጆሮው ቆመ። ከዚያ ራዲዮው ተንኮሻኩሾ ወደ ኳስ ዞረ።

ወዲያው ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው። በዚህ ቤት ከምሳ በፊት ሃይማኖት አይወራም። ደንቡ የወጣው በምክንያት ነው። እህቱ ኦርቶዶክስ ናት፣ ባሏ ካቶሊክ ነው፣ ልጃቸው ደግሞ ካደገች በኋላ ጴንጤ ሆናለች። አንድ ጠዋት ስለ ጥምቀት ክርክር ተነስቶ ሲጋጋል፣ ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ተሰፋለት። ኮቱን ማን ገዛው ለሚል፣ ሳይለካ ሁለት ግራ እጅ ያለው ሰው አፈላልጎ እንደሸጠለት ይናገራል። እሱ ራሱ የእህቱ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ነው፤ ነገር ግን ሠርግና ቀብር ካልሆነ በስተቀር ደጃፉን አይረግጥም።

ምሳ ተበላ። ሳህኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ጀመረ።

«አንድ ጓደኛዬ ታሞ ነው» አለ። «ያ ራዲዮ ያነበበውን ሰምታችኋል አይደል? ሽማግሌዎች ይጥራ፣ ዘይት ይቀቡት የሚለውን። ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው?»

«ይሄ ይጠየቃል እንዴ?» አለች እህቱ። «ካህናት ናቸው። ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው፤ ምስጢረ ቀንዲል ይባላል። ዘይቱ ይጸለይበታል፣ ካህኑ ይቀባል። ማንም ከጓዳው ዘይት አንስቶ የሚለቀልቀው ነገር አይደለም።»

ባሏ ካውያውን ጎኑ ላይ አቆመው። «እዚህ ላይ ከእሷ ጋር አልጣላም። እኛም ጋ ምስጢር ነው፣ እኛም ጋ ቄስ ነው የሚቀባው። ዘይቱን ጳጳሱ ይባርከዋል። ግንባርና መዳፍ ይቀባል።»

«መዳፍም?» አለ ሳይለካ፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ።

«መዳፍም።»

«ታዲያ ጋሼ» አለው ሳይለካ የእህቱን ባል፣ «ቄስ ይጠራ በተባለ ቁጥር አንተ ፊትህ የሚገረጣው ለምንድን ነው?»

ሰውየው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «በእናቴ ጊዜ የመጨረሻ ቅባት ነበር የሚባለው። ቄሱ ዘይት ይዞ ከገባ በሽተኛው አበቃለት ማለት ነው ብለው ነው ያደጉት። ዛሬ እንደዚያ አይደለም፤ ማንኛውም ጠንከር ያለ ሕመም የያዘው ሰው ይቀባል። ይሄን ለእናቴ ማን ያስረዳት? ቄሱ ሲገባ 'አንተ ደግሞ ማን ሞተች አለህ?' ብላ ትራስ ወረወረችበት። ተቀባች፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖረች። ትራሱን ግን ቄሱ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።»

ልጅቱ ቁልፎቿን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። «እኛ ጋ ሽማግሌ ማለት ጉባኤውን የሚያገለግሉ ምእመናን ናቸው፤ ካህን የሚባል ለብቻው የለም። ከኛዎቹ አንዱ አውቶቡስ ነጂ ነው።»

«ተመስገን» አለች እናቷ። «ጠዋት አውቶቡስ፣ ከሰዓት በሽተኛ።»

«እማዬ ደግሞ። የሚያድነው የእምነት ጸሎት ነው ይላል እኮ ቃሉ፤ ዘይቱ ያድናል አይልም። ዘይቱ ምልክት ነው። አስተማሪያችን እንደሚሉት ደግሞ ያኔ ዘይት መድኃኒት ነበር። ያ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛው ላይ ዘይት አፍስሶ የለ? ስለዚህ ጸሎቱም ይሁን መድኃኒቱም ይሁን ማለት ነው ይላሉ።»

«ዘይት ከሌለስ?» አለ ሳይለካ።

«ከሌለም ይጸለያል።»

«እንግዲያው ቃሉ ዘይት ብሎ የጻፈው ለጌጥ ነው?» አለች እናት።

«እናንተስ የእምነት ጸሎት የሚለውን ለጌጥ ነው የምታነቡት?»

«ካውያዬ ነደደ» አለ አባትየው፤ ካውያው ግን አልነደደም፤ ሁለቱን ለማብረድ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ናት።

ሳይለካ እጁን ከጠረጴዛው በታች ደብቆ ያዳምጣል። ነገሩ ገርሞታል። ከአንድ ጣሪያ የወረደ አንድ ቃል ነው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን አንዷ ካህን ትቆርጥበታለች፣ አንዱ ጳጳስ፣ አንዷ አውቶቡስ ነጂ። እንደ ጨርቅ ቆራጭነቱ አሰበው፤ እሱ ኮት የሚያይበት ጨርቅ ላይ ሌላው ካባ ያያል፣ ጨርቁን ግን ማንም አይከፋበትም። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የሚስማሙበት አንዲት ስፌት የለችም? ብሎ ፈለገ።

«ቆይ» አለ፣ «ሽማግሌዎቹን የሚጠራቸው ማነው?»

«በሽተኛው ነዋ» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ፤ ከዚያ በአንድ አፍ መናገራቸው ራሳቸውን አስደንግጧቸው ተያዩ።

ሳይለካ የፈለጋት ስፌት ተገኘች፤ የተገኘችው ግን እሱ ላይ ነው።

«እንግዲያው ልጥራችሁ» አለ። «የታመመው ጓደኛዬ እኔ ነኝ። ይቺ እጄ ሞታለች። ሦስታችሁም በየፊናችሁ ቀቡኝና የማን ንባብ እንደሚሠራ እንይ።»

ሳቁ። ምን ያድርጉ? ሙት ሆኖ የሱሪ ርዝመት የጠየቀ ሰው ነው።

«የእግዚአብሔርን ነገር መቀለጃ አታድርገው» አለች እህቱ፣ ሳቋን እየጠረገች። ልጅቱ ግን ተነሳች። ከሦስቱ እሷ ብቻ አጎቷ ሲያወራ እጁን ከጠረጴዛው በታች ማድረጉን ልብ ብላለች።

«ና አጎቴ፣ እኔ እጸልይልሃለሁ። ቀልድም ከሆነ ጸሎት አይጎዳህም። ዘይት ካልክም ዘይት እነሆ።» የስፌት መኪናውን የቀኝ መሳቢያ ከፍታ ትንሽዬ ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ድሮ የዓይን ጠብታ የነበረባት ናት።

«በመኪና ዘይት?» እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የአንቺን ቅዱስ ዘይት አልነካሁም እማዬ፤ ያንቺው ግራ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዘይት ዘይት ነው።» ጠብታ መዳፉ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አጠር ያለች ጸሎት ጸለየች።

ሳይለካ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አንዴ አሸተተ። ደገመ።

«እትዬ» አለ፣ «የዚህ ቤት መኪና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች እንዴ?»

እህቱ መጥታ መዳፉን አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። ዘይቱ ካህኑ የሰጧት፣ የተጸለየበት፣ ለሕመም ብላ ያስቀመጠችው ቅዱስ ዘይት ነው። ግራውን መሳቢያ ከፈተች፤ እዚያም አንዲት ቡናማ ጠርሙስ አለች፤ ከፍታ አፍንጫዋን አስጠግታ ስታሸታት የመኪና ዘይት ናት።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። የተደረገው ወዲያው ገባት። ሰሞኑን ቤቱን ስታጸዳ ሁለቱንም መሳቢያዎች አውጥታ አራግፋ ነበር፤ ስትመልስ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ከትታዋለች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ መኪናውን የምትቀባው በቅዱሱ ዘይት ነበር።

«ለዚህ ነዋ» አለ አባትየው ቀስ ብሎ፣ ወደ መኪናው እያየ። «ለዚህ ነዋ ክር መበጠስ የተወችው። እንደ ፍየል ትጮኽ አልነበር? አሁን እኮ ድምፅ የላትም።»

እህትየዋ አልሳቀችም። ጠርሙሱን በእጇ ይዛ ቆማለች። ባሏ ወደ ጉልበቷ አየ።

«አንቺስ?» አለ። «ጉልበትሽን ማታ ማታ የምትቀቢው ከየትኛው መሳቢያ ነው?»

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሳብ አደረገች።

«ተሻለኝ ስትይ ነበር እኮ።»

«ተሽሎኛል» አለች እየተቆጣች። «ደረጃ ስወጣ አይጮኽም።»

«ይጮኽ የነበረውማ ስላልተቀባ ነው» አለና ግድግዳውን ደገፍ ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ልጁም አልቻለችም፣ ቁልፎቿ ተበተኑ።

«ሳቁ» አለች እህትየዋ። «እኔ የቀባሁት በስሙ ነው። ልቤን ያያል እንጂ እሱ ጠርሙስ አያይም።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው እኮ እማዬ» አለች ልጅቱ፣ በዝግታ።

እናት ያለችው ራሷ ላይ መመለሱ ገባት፤ ግን እሷም ቀላል ሰው አይደለችም። «እሺ፣ ዘይቱ ምንም ካልሆነ፣ ይቺ መኪና ለምን ዝም አለች? ለእሷ ማን ጸለየላት?»

ልጅቱ የመኪናዋን መንኮራኩር በእጇ አዞረችው። ሁሉም ወደ መኪናዋ ዞሩ። መኪናዋ ዝም እንዳለች ናት።

ሌላ ቀን ቢሆን ሳይለካ ይህን ወሬ ይዞ ሰፈሩን ሲዞር ይውል ነበር። አሁን ግን እነሱ መኪናዋን ሲያዩ፣ እሱ ዘይት በነካው እጁ መቀሱን አንስቶ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ሊቆርጥ ሞከረ። ለምን እንደሞከረ እሱም አያውቀውም፤ ምናልባት ሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ እምነት ነበረች። መቀሱ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለና ወደቀ።

«ደግሞ ጀመረው» አለች እህቱ።

«እትዬ» አለ። ድምፁ ውስጥ የሚስቅ ነገር አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ሁሉም የዞሩት። «አልቀለድኩም። ጣቶቼ አይታዘዙኝም። ጨርቁ አላረፈም ብዬ የዋሸሁትም ለዚህ ነው። ፈርቻለሁ።»

ሦስቱም ፊቱን አዩት። ፊቱን ስንት ጊዜ አይተውታል፤ ፊቱ አይታመንም። እህትየዋ አጠገቡ መጥታ ቀኝ እጁን ያዘች። «ያ ራዲዮ ደግሞ ምን እያለ ነው?» አለችና ወደ ጣሪያው አመለከተች። እሱ ቀና ብሎ ሲያዳምጥ፣ ከኮሌታዋ መርፌ ነቅላ አውራ ጣቱን ወጋች።

ሳይለካ አሁንም ጣሪያውን እያየ ነው። «ኳስ ነው መሰለኝ፤ አንዱ ሳይስት አልቀረም» አለ።

ጣቱ ላይ ትንሽ ደም ብቅ ብላ ነበር። እህትየዋ ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት፤ መርፌዋን መልሳ ኮሌታዋ ላይ ሰካች። «ወይ ወንድሜ» አለች።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ ሩጫ ነበር። «ያኔ ዘይት መድኃኒት ከነበረ፣ ዛሬ መድኃኒቱ ክሊኒክ ነው ያለው» አለች ልጅቱ፤ እናቷም ለመጀመሪያ ጊዜ «እውነቷን ነው» አለች። በዚያው ከሰዓት በኋላ ወሰዱት። ሐኪሟ የእጅ አንጓውን ጫን ጫን አደረገች፣ ጣቶቹን አጠፈች፣ ዘረጋች። ለዓመታት በከባድ መቀስ የሠራበት እጅ ነው፤ አንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኗል። ብዙ ሳይቆይ ስለመጣ በድጋፍ ታስሮ ካረፈ ሊመለስ ይችላል፤ ካልተመለሰ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ።

«መጀመሪያ ሲደነዝዝህ ለምን ለሰው አልተናገርክም?» አለችው ሐኪሟ።

«በሽተኛው ይጥራ የሚለውን ዛሬ ነው የሰማሁት» አላት። አልገባትም።

የሙሽራዋ አባት ሱፍ በልጅቱ እጅ ተቆረጠ። ሳይለካ እጁ ታስሮ አጠገቧ ቆሞ «እዚህ ጋ ትንፋሽሽን ያዢ፣ አሁን ልቀቂ፣ መቀሱን አትግፊው፣ ራሱ ይሂድ» እያለ መራት። ኮቱ ልክክ አለ። ሁለቱ እጅጌዎች ግራና ቀኝ መሆናቸውን ጋሼ ደጋግሞ አየ።

በነዚያ ሳምንታት ቤቱ ጠያቂ በጠያቂ ሆነ። የእህቱ ካህን መጡ፤ ጸለዩ፣ ቀቡት፣ መኪናዋን ግን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ምንም ሳይሉ ወጡ። የጋሼ ቄስ መጣ፤ እንደ ሥርዓቱ የሚቀባው የራሱን ምእመን ስለሆነ አልቀባውም፤ ተቀምጦ ጸለየለት፤ ትራስም አነሳ፤ «የዚህ ቤት ሰው አይታመንም» ብሎ ትራሱን እስኪወጣ ድረስ ታቅፎ ቆየ። የልጅቱ ሽማግሌዎችም መጡ፤ አውቶቡስ ነጂው ትልቅ ድምፅ አለው፣ ዘይት አልያዙም፤ ዘምረው ጸልየው ሄዱ። ሳይለካ ለሁሉም እጁን ዘረጋ፣ ሁሉንም ጠየቀ፤ ለምን ግንባር፣ ለምን መዳፍ፣ ለምን ያለ ዘይት። የመለሱለትም አሉ፤ «እሱን እንኳ አላውቀውም» ያለውም አንድ አለ፤ ከሁሉም የወደደው እሱን ነው። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አይናገርም።

ጣቶቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። መጀመሪያ ጉንዳኖቹ መጡ፤ ሲሄዱ ያስፈሩት ጉንዳኖች ሲመለሱ ዘመድ መሰሉት። ድጋፉ የተፈታ ዕለት የመጀመሪያ ቆረጣው ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ነበር። ለሁለቱ ጠርሙሶች ልብስ ሰፋላቸው፤ ለቅዱሱ ዘይት ነጭ ካባ፣ ለመኪናው ዘይት ሰማያዊ ኮት። ኮቱ እጅጌ አለው፤ ሁለቱም ግራ ናቸው።

ለእህቱ ብቻዋን «ያዳነኝ ያንቺ ካህን ዘይት ነው» አላት። ለጋሼ በካውያው እንፋሎት ውስጥ «የቄስህ ጸሎት ነው» አለው። ለልጅቱ «አውቶቡስ ነጂሽ ነው» አላት። አንድ ምሳ ላይ ሦስቱም ተነጋግረው ደረሱበት።

«እውነቱን ንገረን» አለች እህቱ። «የቱ ነው?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን። ለመሆኑስ በደንብ ድነሃል? እጅህን ስጠኝ።» ከኮሌታዋ መርፌ ነቀለች።

ሳይለካ እጁን ዘረጋ። መርፌዋ ገና ጣቱ ጋ ሳትደርስ፣ ላይ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ራዲዮውን ዘግቶ እስኪያዳምጥ ድረስ «ዋይ፣ ተወጋሁ፣ ገደለችኝ» ብሎ ጮኸ።

እህቱ መርፌውን መልሳ ሰካች።

«ድኗል» አለች ለባሏ። «መዋሸት ጀምሯል።»